ለአፍንጫዬ ጥላ ፍለጋ

ቀይ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ማለቴ፣ ለመኩራራትም ነው፤ ግን ይበልጡን ነገሩ እንዲገባችሁ ብዬ ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ቀይ ሆና ከተወለደች ግማሹ ሥራ አልቋል ይባላል። እናቴ እንዲያውም ሙሉው አልቋል ባይ ናት። ክርስትና የተነሣሁ ዕለት የክርስትና እናቴ ገለጥ አድርጋ አየችኝና፣ «ይህችን ልጅ ለማየት መብራት አያስፈልግም» አለች አሉ። ይህ ነገር እንግዳ በመጣ ቁጥር በቤታችን ሲነገር ኖረ። እኔም አንድ ጆሮዬን ለኩራቱ፣ አንዱን ለእፍረቱ ሰጥቼ አደግሁ። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ፣ ለማየት መብራት የማያስፈልገውን ፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳላሳይ ኖርሁ።

ስለ ቀይ ፊት ግን ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ቀይ ፊት ጥላ የለውም። ጠይም ሰው ጉንጩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ አፍንጫው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሁሉም በየድንበሩ ይታወቃል። ቀይ ፊት፣ ያውም እንደኔ ክብ ከሆነ፣ እንደ ደረሰ የጤፍ ማሳ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ወሰኑን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። አፍንጫ የለኝም ማለቴ አይደለም። በጎን ለሚያየኝ ሰው ደህና አፍንጫ ነው። ፊት ለፊት ለሚያየኝ ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ መኖሩ አይታወቅም።

ይህን ገመናዬን ያወጣብኝ ፎቶግራፍ ነው።

ጊዜው የጠላት ጊዜ ነበር። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዟል፤ አርበኞች ደግሞ ከደብረ ማርቆስ የተረፈውን ሁሉ ይዘዋል። የእኛ ላም ጠዋት ለግጦሽ ስትወጣ ካንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ትሻገራለች፣ ማታ ተመልሳ ትገባለች፤ ወተቷን ግን ለሁለቱም አልሰጠችም። አባቴ ጠላት ከመግባቱ በፊት ዐርፏል። እሱ በሕይወት ሳለ ሴት ልጅ ማንበብ አለባት ብሎ ሦስት ክፍል ያህል አስተምሮኛል። ከዚያ ጠላት ገባ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም እውቀቴን በሦስተኛ ክፍል ላይ ቋጥሬ ቤት ዋልሁ።

አንድ ቅዳሜ እሜቴ ደብሪቱ ከይጁቤ በበቅሎ መጡ። እሜቴ ደብሪቱ የእጮኛዬ የታደለ እናት ናቸው። ታደለን አይቼው አላውቅም፤ እሱም አይቶኝ አያውቅም። ወላጆቻችን ናቸው የተጫጩት ማለት ይቀላል። ጠላት ሲገባ እሱ አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ይማር ነበርና፣ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረ። ያን ዕለት እሜቴ ደብሪቱ ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ወረቀት አወጡ።

«ሲራራ ነጋዴዎች አመጡልኝ። የልጄ ደብዳቤ ነው። የሚያነብልኝ ቄስ ፍለጋ ስዞር እዚህ ደረስሁ» አሉ።

እናቴ ደረቷን ነፋች። «ምን ቄስ ያሻዎታል! የኔ ልጅ እያለች!»

ስለ ራሴ የተጻፈውን ደብዳቤ በአማቴ ፊት እንዳነብ የተፈረደብኝ እንዲህ ነው። ጀርባዬን ወደ እንግዳዋ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ነጠላዬን ተሸፋፍኜ ማንበብ ጀመርሁ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ በቅሎዋ ሳትቀር ሰላም ተብላለች። ከዚያ እንዲህ ይል ነበር።

«ስለ ልጅቱ ያስጻፉልኝ ደርሶኛል። ቀይ ናት ብለዋል። ቀይማ በርበሬም ቀይ ነው። እዚህ አገር ሰው ሳያይ አያገባም። ፎቶግራፏን በሚመለሱት ነጋዴዎች ይላኩልኝ። ካላየሁ ቃሌን አንሥቻለሁ፤ እዚሁም ልጃችንን እንስጥህ የሚሉኝ አሉ።»

በርበሬዋ ላይ ስደርስም አንዲት ቃል አልዘለልሁም። ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር፣ በቤቱ ውስጥ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ኩራቴ አልፈቀደልኝም። የተሰደብሁትን ያህል በትክክል አነበብሁት።

«ልጄን በወረቀት ሊመርጥ?» አለች እናቴ፣ ብድግ ብላ። «በቅሎ ሲገዛስ በወረቀት አይቶ ነው?»

«በቅሎማ ጥርሷን ከፍቶ ያያል» አሉ እሜቴ ደብሪቱ። «ያንችን ልጅ እኔ እንኳ ጥርሷን አላየሁም። እኔ ልጅሽን ጠላሁ? ዘመን ነው እንጅ! ነጋዴዎቹ ከሳምንት በኋላ ሰኞ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ያን ቀን ፎቶው በእጄ ከሌለ የማደርገው የለኝም።»

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከታጨሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። አራት ዓመት ታጭታ የቀረችን ልጅ ማንም «ሳያያት ቀረ» አይላትም፤ «አይቶ ተዋት» ነው የሚላት። እኔን ግን ከዚያ ይበልጥ የቆጠቆጠችኝ በርበሬዋ ናት። ከግድግዳው ሳልዞር፣ «እነሣለሁ» አልሁ።

ምሰሶው የተናገረ ይመስል ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ እሜቴ ደብሪቱ፣ «ለካ ትናገራለች!» አሉ።

በከተማችን አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሙሴ እያልን የምንጠራው ግሪካዊ። አማርኛ ያውቃል፤ ግን ወንዱንም ሴቱንም፣ ቄሱንም ፈረሱንም «አንተ» ነው የሚል። እሑድ አልፎ ሰኞ ቀትር ላይ ከእናቴ ጋር ሄድሁ። ግቢው ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ፣ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። «አንተ ልጅ፣ አትንቀሳቀስ!» አለ። አልተነቃነቅሁም። ትንፋሽ እንኳ የወሰድሁት ከጨረሰ በኋላ ነው።

ረቡዕ ፎቶው ደረሰ። እናቴ ተቀበለችው፤ አየችው፤ ገለበጠችው፤ እንደገና አየችው።

«ሙሴ፣ ነጠላውን አንሥተኸዋል። ልጄስ የት አለች?»

ቀርቤ አየሁ። አንሶላው ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ ፊቴ ነጭ። በዚያ ሁሉ ንጣት መካከል ሁለት ዓይኖች፣ ወተት ውስጥ እንደ ወደቁ ሁለት ዝንቦች፣ ያፈጥጣሉ። አፍንጫ የሚባል ነገር የለም። ጉንጭ የለም። አገጬ ከአንገቴ ጋር ታርቆ አንድ ሆኗል።

«አንተ ፊት በጣም ብርሃን» አለ ሙሴ፣ እያዘነልኝ። «ጥላ የለም። አፍንጫ የለም።»

«አፍንጫ አለኝ!» አልሁ። በሕይወቴ ወንድ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ ያውቃል» አለ ደረቱን እየነካ። ወደ ፎቶ ማንሻው ጠቆመና፣ «እሱ አያውቅም» አለ።

ከዚያ በጣቱ በራሱ ፊት ላይ እያሳየ አስረዳኝ። የጣልያን ሹሞች ሚስቶች ሊነሡ ሲመጡ ፊታቸው ላይ ጥላ ቀብተው ይመጣሉ አለ፤ በአፍንጫ ግራና ቀኝ አንዳንድ መስመር፣ ከጉንጭ አጥንት በታች አንዳንድ፣ ከመንጋጋ በታች አንድ። ያን ጊዜ ማሽኑ አፍንጫውን ያገኘዋል። «አንተም ጥላ ቀባ። ግን ፎቶ የሚይዝ መስታወት አንድ ብቻ ቀርቷል። አንድ! ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምት ይመጣል።»

እንግዲህ አንድ መስታወት፣ አንድ ፊት፣ አምስት ቀን። ከቤት እስክንደርስ እናቴ ለሰባት ሰው «ማሽኑ ተበላሽቶበት ነው» አለች።

የጥላ ነገር የሚያውቅ ሰው ማን አለ ብዬ ሳስብ ትዝ ያለችኝ እትዬ ዘሀራ ናት። እትዬ ዘሀራ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ኩል፣ ዶቃና ሽቶ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። በከተማው ውስጥ ያገባች ሴት ሁሉ በእሷ እጅ ተኩላ ነው የወጣች። ነገሩን ስነግራት ሥራዋን ትታ ተነሣች።

«ፊት ላይ የሚቀባ ነጭ ዱቄት አለኝ፤ ጣልያን ያመጣው፣ በቆርቆሮ። ግን እሱ ያነጣል። አንች ደግሞ ንጣት አላነሰሽም። የምንፈልገው ጥላ ነው። ነይ፣ ወደ ደጅ ውጭ! ቀለም በቤት ውስጥ አይመረጥም፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ያምራል።»

እጄን ዘረጋሁላት። በጥፊ መለሰችው።

«እጅሽ ላይ አትሞክሪ! እጅሽን ፀሐይ አሳድጎታል፣ ፊትሽን ነጠላ። ሁለቱ አይተዋወቁም። መንጋጋሽን አምጭ። ደግሞ ስሚኝ፤ ጥላ ማለት ከቆዳሽ ሁለት እርምጃ የጠቆረ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ጥላሸት ነው።»

እኔ ግን ከሦስተኛው እርምጃ ጀመርሁ። ቤት ገብቼ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ሳብ ሳብ አደረግሁ። እናቴ ከበር ስትገባ የያዘችውን ጣለች። «ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም ብላት አላመነችኝም፤ ዘመዶቿን አንድ በአንድ ጠራች።

ሐሙስ ጠዋት ጌሾ ሞከርሁ። የደረቀ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ሲታይ ቡናማ ይመስላል። ቀይ ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ይለመልማል። መንጋጋዬ ላይ የወጣው አረንጓዴ እትዬ ዘሀራን ሲያስቃት፣ እናቴን ግን የወፍ በሽታ የያዘኝ መስሏት ለመድኃኒት ወደ መርጌታ ስትሮጥ ከመንገድ መለስናት።

ከዚያ ቀይ አፈር። ከገደሉ ሥር ደህናውን መርጬ፣ አልሜ ነፍቼ ቀባሁት። እትዬ ዘሀራ ራቅ ብላ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየችኝ።

«አይሆንም። ቀይ ለቀይ አይሆንም። አፍንጫሽ ተቆጥቶ እንጅ ጥላ አርፎበት አይመስልም። ጥላ ቀዝቃዛ ነው፤ የዛፍ ጥላ ሲቀላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ብልህ ሴት ሦስተኛ ክፍል እንኳ ሳትገባ መቅረቷ ያሳዝናል።

በመጨረሻ በሶ ተገኘ! መንገደኛ የሚይዘው የገብስ በሶ። ቀለሙን ብታዩት ለእኔ ተቆልቶ ለእኔ የተፈጨ ነው፤ ከቆዳዬ ልክ ሁለት እርምጃ። በቅቤ ለውሼ ቀባሁት፣ በመስታወት አየሁት፣ አፍንጫዬ እንደ ተራራ ብቅ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ፊት ለፊት አየሁ። እንባዬ ሊመጣ ነበር፤ ጥላውን ያበላሸዋል ብዬ መለስሁት። ሙሴ የሚያነሣው በፀሐይ ነውና ይችለው እንደሆን ልሞክር ብዬ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ፤ እንዳልነቃነቅም ዓይኔን ጨፈንሁ። ቅቤው ቀለጠ። በሶው መውረድ ጀመረ። ዝንብ መጣ፤ አልተነቃነቅሁም። ሞቅ ያለ ነገር ፊቴን ሲዳስሰኝ ፀሐዩ ነው አልሁ። ዓይኔን ስገልጥ እንቦሳችን የግራ ጉንጬን ጥላ በአንድ ምላስ ወስዶ ወደ ቀኙ እየዞረ ነበር።

«ቀለሙ ልክ ነበር» አልኋት ለእትዬ ዘሀራ።

«ጣዕሙም ልክ ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ የቸገረን ቀለም አይደለም፤ የማይሄድ ቀለም ነው። በላብ የማይሄድ፣ በቅቤ የማይሄድ፣ እንቦሳ የማይልሰው። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ፣ «እንሶስላ!» አልን።

እንሶስላን የማታውቅ ሴት የለችም። ሥሩ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይደረጋል፣ በጉሎ ቅጠል ይታሰራል፣ ሲፈታ ቀለሙ ሳምንታት ይቆያል። ሙሽራ ሳትሞቀው አትወጣም። ግን ፊቱን እንሶስላ የሞቀ ሰው ከእኔ በፊት አልተሰማም፤ ከእኔ በኋላም ይኖራል ብዬ አላምንም።

«ቶሎ ካጠብሽው የበሶ ቀለም ይሰጥሻል» አለችኝ እትዬ ዘሀራ። «ከቆየ ይቀላል፤ ከከረመ ይጠቁራል። እናንተ አባታችን ሆይ የምትሉትን ሦስት ጊዜ በይና ታጠቢው። አራተኛ እንዳትጨምሪ!»

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ጓዳ ገብቼ፣ መስታወቴን ደግፌ አበጀሁት። በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከጉንጭ በታች፣ ከመንጋጋ በታች፤ ሙሴ እንዳሳየኝ። አባታችን ሆይ ጀመርሁ። ሁለተኛውን ሳጋምስ በር ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

እሜቴ ደብሪቱ ናቸው።

አሁን ፍረዱኝ። እንስራው ያለው ሳሎን ነው። ለመታጠብ በአማቴ ፊት ማለፍ አለብኝ፤ ያውም ጭቃ የመሰለ ነገር ፊቴ ላይ ለጥፌ። የታጨች ልጅ ንጹሕ ፊቷን እንኳ ለአማቷ አታሳይም! በምራቄ ልጠርገው ሞከርሁ፤ ይባስ ተሰራጨ። ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሜቴ ደብሪቱ ግን የመጡት ለመሄድ አልነበረም። የወንድማቸውን የመሬት ክርክር ከመጀመሪያው ዳኛ ጀመሩ። ሦስተኛው ዳኛ ላይ ሲደርሱ አባታችን ሆይን አሥራ አንድ ጊዜ ብያለሁ። ከዚያ የበቅሏቸው ሕመም መጣ። ከዚያ የልጃቸው ምጥ፤ እሱም ሁለት ቀን የፈጀ ነው፣ እሳቸውም ከዚያ አላሳጠሩትም። በመጨረሻ ሊነሡ ሲሉ ሰማሁና ለማርያም ተሳልሁ።

«ልጅቱስ የት ሄዳ ነው?» አሉ።

«ጓዳ ናት» አለች እናቴ። «ታፍራለች።»

«እሰይ! እንዲህ ናት እንጅ ልጅ ማለት!» አሉና በደስታ ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚህ ዓለም ዓይን አፋርነቷ የጎዳት ሴት ብዙ ናት። ዓይን አፋርነቷ በቀለም የተጻፈባት ግን እኔ ነኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታጥቤ ስወጣ እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ዘሀራ ተጠርታ መጣች፤ ገና ከበሩ፣

«ያ ረቢ! አንች ልጅ፣ የሙሽራ እግር መስለሻል!» አለች።

በአመድ አሸሁት። በሎሚ አሸሁት። በእንዶድ አሸሁት። ቀለሙ ባለበት ቀርቶ በዙሪያው ያለው ቆዳዬ ቀላ። እናቴ፣ «ይቅር፤ ሰውየው ይቅርብን፤ ልጄ ፊቷ ይዳንላት» አለች። ያን ጊዜ በርበሬዋ ትዝ አለችኝ። «አይቀርም» አልሁ። «ነገ እነሣለሁ። በዚህ ፊት የማልወጣ ከሆነ ሰውየው እውነቱን ነው ማለት ነው።»

እትዬ ዘሀራ ያችን የጣልያን ቆርቆሮ አመጣች። ነጩን ዱቄት ከላይ ነሰነሰችብኝ። እግዜር ይስጣት፤ ቀይ ቡናማው ለዘብ አለ። ቅዳሜ ጠዋት በደጅ ብርሃን ራሴን በመስታወት አየሁና፣ ከአሥር እርምጃ ላይ ለሚያየኝ ሰው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆንጆ ነበርሁ። ችግሩ ነጠላ መከናነብ አለመቻሌ ነው፤ ዱቄቱን ይጠርገዋል። ስለዚህ በገበያ ቀን፣ በገበያው መካከል፣ ፊቴን ገልጬ ሄድሁ። አንድ ሰው፣ «ይህች ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ሲል ሰማሁ። እንዳልሰማ ሆንሁ፤ ግን እርምጃዬን ቀነስሁ።

ሙሴ አየኝና፣ «ጎበዝ! አሁን አፍንጫ አለ!» አለ። የመጨረሻዋን መስታወት ከተታት። አነሣኝ። ሰኞ ጠዋት ኑ አለን።

ሰኞ ጠዋት ነጋዴዎቹ በቅሎዎቻቸውን እየጫኑ ነበር። እናቴ፣ እሜቴ ደብሪቱ፣ እትዬ ዘሀራና እኔ ፎቶውን ልንቀበል ስንደርስ በሙሴ መስኮት ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሙሴ በሥራው ኮርቶ ፎቶውን በመስኮቱ ላይ ሰቅሎታል።

«ይህ አርበኛ የማን ወገን ነው?» ይላል አንዱ።

«ዓይኑን አየኸው? ሰው በላ ነው!»

ነጠላዬን ተከናንቤ በሰው ትከሻ መካከል አየሁ። ለካ ያ ፎቶ ማንሻ ቀይ ቀለምን የሚያየው ጥቁር አድርጎ ነው። የእንሶስላው መስመር ሁሉ በዱቄቱ ውስጥ ዘልቆ እንደ ከሰል ወጥቷል። አፍንጫዬ እንደ ጎራዴ ተስሏል። ጉንጮቼ የወር ጾመኛ ጉንጮች ናቸው። ከመንጋጋዬ በታች የነበረው ጥላ ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርስ፣ ድንቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጢም ሆኗል። አፍንጫ ብለምነው ከነጢሙ ሰጠኝ!

አይቼ ሳልጨርስ አንድ የጣልያን አለቃ ከአስተርጓሚው ጋር ሰዉን ገፍቶ መጣ። ፎቶውን አየ። እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ሙሴን በአንገትጌው ጎትቶ አወጣው።

«ይህ ሽፍታ ማን ነው? ከተማ ውስጥ መቼ ገባ? የት ደበቅኸው? ይልሃል» አለ አስተርጓሚው።

«ሽፍታ አይደለም! ሴት ነው! ልጅ ነው!» አለ ሙሴ።

«ጢም ያለው ሴት?»

ጣልያኑ ፎቶውን ከመስኮቱ ነጥቆ፣ ሙሴን ወደ እስር ቤቱ መንገድ መግፋት ጀመረ። ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን አጥብቀው ጨርሰዋል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። መቼም ያን ጊዜ ማን እግሬን እንዳነሣው አላውቅም፤ ጣልያኑ ፊት ቆሜ ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣልሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ጣልያኑ እኔን አየ፣ ፎቶውን አየ። በጣቱ ዙሪ አለኝ፤ በጎን ዞርሁለት፤ ያው በጎን ደህና ነኝ። መሐረቡን አውጥቶ ጉንጬን ጠረገኝ፤ እንሶስላው አልለቀቀም። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። አስተርጓሚው ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። ሙሴ ብቻ አልሳቀም። ጣልያኑ እንባውን እየጠረገ ፎቶውን ኪሱ ከተተና ሊሄድ ዞረ።

«ፎቶዬስ?» አልሁ።

«ለጓደኞቼ አሳያቸዋለሁ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

«ንገረው፤ የታጨሁ ሰው ነኝ። ለባሌ የተነሣሁት ፎቶ ሌላ ወንድ ኪስ አይገባም። ይመልስልኝ። ደግሞ ንገረው፤ ለጓደኞቹ ሲያወራ የአንዲት ሴት ልጅ ፎቶ አይቶ ሽጉጥ እንደነካም አብሮ ያውራላቸው።»

አስተርጓሚው ትንሽ ተናገረ። ጣልያኑ ቆም ብሎ አየኝ። ፈገግታው ጠፋ፤ ከዚያ ፎቶውን አወጣና፣ እንደ ሰላምታ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ሰጠኝ። ሲሄዱ አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ «የመጀመሪያውን ነገርሁልሽ። ሁለተኛውን ግን ተውሁት፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው አማቴ መኖራቸው ትዝ ያለኝ። በአደባባይ፣ ፊቴን ገልጬ፣ የሙሽራ እግር መስዬ፣ ከወንድ ጋር ተከራክሬያለሁ። አለቀልኝ አልሁ። እሜቴ ደብሪቱ ፎቶውን ከእጄ ወሰዱ። ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ይቅር፣ እሜቴ» አለች እናቴ በትንሽ ድምፅ። «ይህ አይላክም።»

«ምን ሲሆን ነው የማይላከው?» አሉ እሜቴ ደብሪቱ። «ጣልያን ያስደነገጠችን ልጅ ለሌላ ቤት ልሰጥ ኖሯል? አንች ልጅ፣ ጻፊበት! ማን መሆንሽን ይወቅ!»

የሙሴን እርሳስ ተቀብዬ፣ በጀርባው ላይ፣ በሦስተኛ ክፍል እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አፍንጫዬ ይኸውልህ። የቀረውን መጥተህ እይ።» ነጋዴዎቹ ይዘውት ወደ ዓባይ ወረዱ።

ከዚያ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ። መልስ አልመጣም። እንሶስላው በወር ውስጥ ለቀቀ፤ ሰፈሩ ግን «አርበኛዋ» ማለቱን አልለቀቀም። አንዳንድ ሴቶች «ፎቶዋን አይቶ ሸሽቶ ነው» ይሉ ነበር፤ ሰምቼ አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። ሌሎች ሽማግሌዎች ሲመጡም አልፈለግሁም። ጻፍሁ፣ እጠብቃለሁ አልሁ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

ከዚያ እግዜር ፈቀደና ጠላት ወጣ። አርበኞች ከዱር ገቡ። አገራችን ካልጸዳች ምላጭ አይነካንም ብለው የማሉ ሁሉ፣ ያን ሰሞን በየጥላው ሥር ተቀምጠው ጠጕራቸውንና ጢማቸውን ያስላጩ ነበር። በዚያው ሰሞን እሜቴ ደብሪቱ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። ከኋላቸው አንድ ረጅም፣ አቧራ የለበሰ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ያለውን መንገድ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሩ መጥቶ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ እናቴ ጠራችኝ። ከጓዳ ወጣሁ። ነጠላዬን አልተከናነብሁም፤ ዓይኔ ግን ከመሬት አልተነሣልኝም። ታደለ ከደረት ኪሱ ጫፉ የተበላ ፎቶ አወጣ። ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ።

«ጢምሽስ?» አለኝ።

«ጠላት ሲወጣ ተላጨሁት» አልሁት።